መጀመሪያ ባክቴሪያውን አርቡ

(ይህ ድሬዳዋ ላይ ዓሣና አትክልት አንድ ላይ ማምረት ለሚፈልጉ ወጣቶችና ቤተሰቦች ያደረግኩት ንግግር ነው። ቦታው ላይ መገኘት ላልቻላችሁ ብዬ ትንሽ ድግግሞሽ ብቻ ቀንሼ እንዳለ ለጥፌዋለሁ።)

እንደምን ዋላችሁ! አሰላሙ አለይኩም! አካም ጅርቱ! በዚህ ሙቀት፣ አረፍ የምትሉበትን ሰዓት ትታችሁ ስለመጣችሁ ከልቤ አመሰግናለሁ። እናቶች ወደዚህ ጠጋ በሉ፣ እዚህ ጋ ነፋስ አለ። ከሐረር የመጣችሁ ልጆችም እንኳን ደህና መጣችሁ፣ ለእናንተ ለብቻው የምነግራችሁ ነገር አለኝ።

አኳፖኒክስ፣ ማለትም ዓሣና አትክልት በአንድ ውሃ ማምረት፣ ሲባል ሰው መጀመሪያ የሚያየው ዓሣውን ነው። ወይ ደግሞ ሰላጣውን። ፎቶ የሚነሳውም እሱ ነው። እኔ ዛሬ የማወራችሁ ግን ፎቶ ላይ ስለማይወጣው ነው፤ ስለ ባክቴሪያው። ከዚህ አዳራሽ አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ ብትወጡ ይበቃኛል፦ የዓሣ ጫጩት ከመግዛታችሁ በፊት ባክቴሪያ አርቡ። ዓሣውም አትክልቱም የሚኖረው በሱ ነው። እደግመዋለሁ፣ መጀመሪያ ባክቴሪያ!

አውቃለሁ፣ ባክቴሪያ ሲባል ብዙዎቻችሁ የሚመጣባችሁ በሽታ ነው። ተቅማጥ፣ ታይፎይድ። ልክ ናችሁ፣ እንደዚያ ዓይነትም አለ፣ ወደ በኋላ እመለስበታለሁ። የዛሬዎቹ ግን ሰው አያሳምሙም። ሥራቸው ሌላ ነው።

የመጀመሪያው ነጥቤ ውሃው ውስጥ ምን እንደሚሆን ነው። ዓሣ ይበላል። 100 ግራም መኖ ሰጣችሁት እንበል፣ ፕሮቲኑ 32 በመቶ የሆነ። እዚያ ውስጥ ወደ 5 ግራም ናይትሮጅን አለ። ቆሮሶ ይሁን አምባዛ፣ ዓሣው ከዚህ ውስጥ ሥጋ የሚያደርገው ሩቡን ወይ ሲሶውን ያህል ነው። የቀረው ወደ ውሃው ይመለሳል፤ አብዛኛው አሞኒያ ሆኖ። የሚወጣውም በዓይነ ምድር ብቻ እንዳይመስላችሁ። ዋናው መውጫው ስንጥቡ ነው፣ ያ ከጭንቅላቱ ጎን የሚተነፍስበት። ስለዚህ ዓሣው በተነፈሰ ቁጥር የሚኖርበትን ውሃ ይመርዛል ማለት ነው። ወንዝና ሐይቅ ውስጥ ውሃው ብዙ ነው፣ ይሳሳል። አንድ ሮቶ ውስጥ ግን የት ይሄዳል? የትም!

እዚህ ላይ የእኛ የድሬ ልጆች ልዩ ጉዳይ አለ፣ ልብ በሉ። አሞኒያ ውሃ ውስጥ ሁለት መልክ አለው፣ አንዱ መርዝ ነው፣ ሌላው ብዙም አይጎዳም። የትኛው እንደሚበዛ የሚወስነው የውሃው ፒኤችና ሙቀቱ ነው። ፒኤች የውሃው አሲድነት የሚለካበት ቁጥር ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ አሲዱ ይበዛል፣ ሲጨምር ይቀንሳል። ውሃው 25 ዲግሪ ሆኖ ፒኤቹ 7 ከሆነ መርዛማው ክፍል ከመቶ አንድም አይሞላም። ፒኤቹ 8 ሲሆን ከመቶ 5 ያልፋል፣ ወደ አሥር እጥፍ ማለት ነው። ሙቀት ሲጨመርበት ደግሞ ይብሳል። የኛ ውሃ ምን ዓይነት ነው? ማንቆርቆሪያችሁን ገልብጣችሁ እዩት። ያ ነጩ፣ በቢላ የማይነሳው ቅርፊት ከየት መጣ? ውሃችን ከከርሰ ምድር፣ በኖራ ድንጋይ ውስጥ አልፎ የሚመጣ ነው። ፒኤቹ ከፍ ይላል። ከተማችን ደግሞ ሙቅ ነው። ስለዚህ ደጋ ላይ ብዙም የማይጎዳ አሞኒያ እኛ ጋ ዓሣ ይገድላል። ለዚህ ነው ሌላ ቦታ የሠራ ሰው የነገራችሁን እንዳለ አትውሰዱት የምለው።

ታዲያ ማን ያድነዋል? ሁለት ዓይነት ሠራተኞች አሉ። የመጀመሪያዎቹ፣ እንደ ናይትሮሶሞናስ ያሉት፣ አሞኒያውን ወደ ናይትራይት ይለውጡታል። ናይትራይትም መርዝ ነው፣ አልጨረስንም። ሁለተኛዎቹ፣ ናይትሮባክተርና ናይትሮስፓይራ የሚባሉት፣ ናይትራይቱን ተቀብለው ናይትሬት ያደርጉታል። ናይትሬት ለዓሣው ብዙም አያስቸግርም፣ ለአትክልቱ ደግሞ ምግብ ነው። ሰላጣው፣ ቆስጣው፣ በሶብላው በሥሩ ይስበዋል፣ ውሃው ንጹሕ ሆኖ ወደ ዓሣው ይመለሳል። ገበሬ ዩሪያ ገዝቶ የሚበትነው ይህንኑ ናይትሮጅን ፍለጋ ነው። እናንተ ለዓሣ መኖ ከፍላችሁ ማዳበሪያውን በላዩ ታገኛላችሁ፤ መሃል ላይ ያሉት ሠራተኞች ካሉ ብቻ!

አንድ ታሪክ ልንገራችሁ፣ በጣም የምወደው ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1877 ፈረንሳይ ውስጥ ሽሎሲንግና ሙንትስ የሚባሉ ሁለት ሳይንቲስቶች ነበሩ። ረጅም የመስታወት ቱቦ ወሰዱ፣ አሸዋና የኖራ ድንጋይ ሞሉበት። ከላይ የፍሳሽ ቆሻሻ በዝግታ ያንጠባጥቡበት ጀመር። ሃያ ቀን ያህል ምንም ለውጥ የለም፣ ከላይ የገባው አሞኒያ ከታች አሞኒያ ሆኖ ይወጣል። ከዚያ በኋላ ድንገት ናይትሬት መውጣት ጀመረ! አሸዋው ያው፣ ድንጋዩ ያው፣ ቆሻሻው ያው። ቀጥለው በቱቦው ውስጥ የክሎሮፎርም ትነት አሳለፉበት፣ ናይትሬቱ ቆመ። ክሎሮፎርሙን አስወግደው ትንሽ አፈር የታጠበበት ውሃ ጨመሩበት፣ ቆይቶ እንደገና ጀመረ። ይህን የሚሠራው ድንጋዩ ሳይሆን ሕይወት ያለው ነገር መሆኑን ዓለም በዚህ አወቀ። ባክቴሪያዎቹን ለይቶ ያወጣቸው ሩሲያዊው ቪኖግራድስኪ ሲሆን፣ ያም ከዚያ ከአሥር ዓመት በላይ ቆይቶ ነው።

ለምን ነገርኳችሁ? የኛ ሥራ በሙሉ እዚያ ቱቦ ውስጥ ስላለ ነው። መጠበቅ አለ። በኬሚካል መግደል አለ። ሌላ ቦታ ካለ ሕይወት ቆንጥሮ ማስነሳት አለ። ሌላው ደግሞ፣ ለብዙ ጊዜ ሁለቱ ሥራ የግድ በሁለት ዓይነት ባክቴሪያ ይሠራል ይባል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2015 ሁለቱንም ለብቻው የሚሠራ ናይትሮስፓይራ ተገኘ። ካገኙት ቡድኖች አንዱ ያገኘው የት መሰላችሁ? ኔዘርላንድ ውስጥ፣ ዓሣ ከሚረባበት ውሃ ማጣሪያ ላይ። እናንተ ጓሮ ከምትሠሩት ማጣሪያ ዓይነት ነገር ላይ!

ሁለተኛው ነጥብ ቤታቸው ነው። እነዚህ ባክቴሪያዎች ውሃ ውስጥ ከመንሳፈፍ ይልቅ ነገር ላይ ተለጥፈው መኖር ይመርጣሉ። ድንጋይ ላይ፣ ፕላስቲክ ላይ፣ ሥር ላይ። ስለዚህ ብዙ ገጽ ያለው ነገር ስጧቸው። ማጣሪያ የምለውም ይህ የተሞላበት፣ የዓሣው ውሃ በፓምፕ የሚያልፍበት ዕቃ ነው። ለኛ አገር ቀይ አሽን የሚያህል የለም። ያ ለግንባታ የሚገባው ቀዳዳ ቀዳዳ የሆነ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ። ቀላል ነው፣ ርካሽ ነው፣ በአንድ ሜትር ኩብ ውስጥ ወደ 300 ካሬ ሜትር ገጽ ይኖረዋል ተብሎ ይገመታል። አቧራው እስኪያልቅ እጠቡት። ቀይ አሽ ያጣ ሰው ሌላ ጠጠር ይጠቀማል፣ ግን እዚህ አካባቢ የሚለቀም ጠጠር ብዙው የኖራ ድንጋይ ስለሆነ ፒኤቹን የባሰ ይሰቅልባችኋል። መለየት ቀላል ነው። ድንጋዩ ላይ አቼቶ ጠብ አድርጉበት። አረፋ ከሠራ ተዉት፣ ዝም ካለ ውሰዱት።

ሦስተኛው፣ ዋናው፣ ብዙ ሰው የሚወድቅበት፦ ጊዜ። ሆድ የሚያሳምሙን ባክቴሪያዎች ሲመቻቸው በ20 ደቂቃ እጥፍ ይሆናሉ። የኛዎቹ ግን እጥፍ ለመሆን ብዙ ሰዓት፣ አንዳንዴ ቀን ይፈልጋሉ። ባዶ ማጣሪያ ሙሉ ሥራ እስኪጀምር ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይወስዳል። በስድስት ሳምንት አትናደዱ! ቃሪያ ተክላችሁ ከዚያ በላይ ትጠብቁ የለም እንዴ?

ሳቢያን የሚኖር አንድ ጎበዝ ልጅ ነበር፣ ሰፈራችን ነው። ገንዘብ አጠራቅሞ፣ በርሜል ቆርጦ፣ ፓምፕ ገጥሞ ራሱ ሠራው። በሠራ ማግስት ዓሣውን አስገባ። ዓሣዎቹ ይጫወታሉ፣ ይበላሉ፣ ውሃው እንደ መስታወት ጥርት ያለ ነው። ሰፈሩ በሙሉ መጥቶ አየለት። ሦስት ሳምንት ሊሞላ ሲል ዓሣዎቹ ወደ ላይ እየመጡ አየር መጎንጨት ጀመሩ፣ ከዚያ ተራ በተራ አለቁ። እናቱ «ዓይን ነው፣ ሰው አይቶብህ ነው» አሉ። እኔ የሞተውን አንስቼ ስንጥቡን ከፈትኩት። ቀይ መሆን የነበረበት ቡናማ ሆኗል። እሱ የናይትራይት ምልክት ነው። ናይትራይት ደም ውስጥ ገብቶ ኦክስጅን የሚሸከመውን ነገር ይይዝበታል፣ ዓሣው በኦክስጅን መሃል ሆኖ ይታፈናል። አያችሁ፣ የመጀመሪያዎቹ ሠራተኞች ደርሰው አሞኒያውን ለውጠዋል፣ ሁለተኛዎቹ ገና አልደረሱም። ሁሌም ኋላ የሚደርሱት እነሱ ናቸው። ውሃው ጥርት ማለቱ ምንም አይነግራችሁም፤ አሞኒያም ናይትራይትም ቀለም የላቸውም። ያ ልጅ ሰነፍ አልነበረም። መጠበቅ እንዳለበት የነገረው ሰው ስላልነበረ ነው። ይኼ ነው እኔን እዚህ ያቆመኝ።

እንዴት ይጠበቃል? ውሃውን ሙሉ፣ ፓምፑን አስነሱ፣ ዓሣ ሳታስገቡ በየቀኑ ቆንጠር አድርጋችሁ መኖ ጣሉበት። መኖው ሲበሰብስ አሞኒያ ይሆናል፣ ባክቴሪያዎቹም ከአየሩም ከአቧራውም መጥተው ይለጠፋሉ። በመመርመሪያ ጠብታ ለኩ። መጀመሪያ አሞኒያው ይወጣል። ከዚያ አሞኒያው እየወረደ ናይትራይቱ ይወጣል፣ እዚህ ላይ ነው ሰው የሚቸኩለው፣ አትቸኩሉ። ናይትራይቱም ወርዶ ናይትሬት ብቻ ሲቀር ያኔ ጥቂት ዓሣ አስገቡ። ሁለቱ መርዞች በሊትር ከ1 ሚሊ ግራም በታች እንዲሆኑ ነው የምንፈልገው፣ ወደ ዜሮ ቢጠጉማ ይመረጣል። መመርመሪያ ውድ ነው ትሉኝ ይሆናል። ለአሥር ሰው አንድ ግዙ፣ ተዋሱ፤ ከሞተ ዓሣ ይረክሳል።

ማሳጠሪያም አለ። እናቶች ይህን ከኔ በላይ ታውቁታላችሁ፦ ሊጥ በእርሾ ነው የሚነሳው። ከሚሠራ ማጣሪያ ጥቂት ድንጋይ ወስዶ አዲሱ ውስጥ መጨመር እንደዚያው ነው። ሳምንታት ይቀንስላችኋል።

ለሐረር ልጆች ያልኳችሁ ይህ ነው። እነዚህ ባክቴሪያዎች 25 እስከ 30 ዲግሪ ውሃ ይወዳሉ። ድሬ ላይ በዚህ በኩል ተመችቶናል። ሐረር ግን ከፍታው ወደ 1,900 ሜትር ይጠጋል፣ ሌሊቱ ይቀዘቅዛል፣ ውሃው ከ17 ዲግሪ ሲወርድ ሥራቸው ይደክማል። ስለዚህ እናንተ ጋ ጊዜው ይረዝማል። ታንከሩን ግንብ አስጠግታችሁ፣ ዙሪያውን በገለባ ወይ በጆንያ ሸፍኑት።

አሁን የሚገድላቸውን ልንገራችሁ። ወዳጄ ቤት ለበዓል ግቢው በሙሉ ሲጸዳ አንዲት ጠንካራ ሠራተኛ የማጣሪያውን ድንጋይ አወጣችው። ቡናማ፣ የሚያዳልጥ ነገር ለብሷል። ቆሻሻ መሰላት፣ ማን አይመስለውም? በበረኪና አጥባ፣ አስጥታ፣ እንደ አዲስ አድርጋ መለሰችው። በሳምንቱ ዓሣው ተጎዳ። ያ የሚያዳልጠው ቡናማ ነገር ነበር ሠራተኛው! ማጣሪያ ከታፈነ ግማሹን ብቻ አውጡ፣ በዚያው በዓሣው ውሃ አለቅልቁ፣ መልሱ። በረኪና በአጠገቡ አይለፍ። የቧንቧ ውሃም ክሎሪን ካለው አፉ ክፍት በሆነ ዕቃ አንድ ሁለት ቀን አሳድራችሁ ጨምሩ። ዓሣ ሲታመም ለዶሮ እንደሚደረገው የአንቲባዮቲክ ካፕሱል ፈታችሁ አትበትኑ። መድኃኒቱ በሽታውን ከሠራተኛው ለይቶ አያውቅም።

መብራትስ? መብራት ሲጠፋ ሰው ስለ ዓሣው ይጨነቃል፣ ልክ ነው። ባክቴሪያውም ግን ይተነፍሳል። አንድ ግራም የአሞኒያ ናይትሮጅን ለመለወጥ ከ4 ግራም ተኩል በላይ ኦክስጅን ይበላል። ሞቃት ውሃ ደግሞ ብዙ ኦክስጅን አይዝም፤ ባሕር ወለል ላይ 20 ዲግሪ ውሃ በሊትር 9 ሚሊ ግራም ይይዛል፣ 30 ዲግሪው ሰባት ተኩል፣ እኛ ከፍታ ላይ ደግሞ ከዚያም ያንሳል። ስለዚህ በግንቦትና በሰኔ ሙቀት መብራት ሲሄድ መኖ አቁሙ። በባትሪ የሚሠራ ትንሽ አየር መንፊያ ያላችሁ አስነሱ፣ የሌላችሁ በባሊ እየቀዳችሁ ከከፍታ አፍስሱ፣ ልጆቹን አሰልፏቸው። ባክቴሪያዎቹ ፀሐይም አይወዱም፤ ታንከሩም ማጣሪያውም ይሸፈን። ታንከሩ ሥር ዝቃጭ ከተጠራቀመና የበሰበሰ ዕንቁላል ከሸተታችሁ ደግሞ አየር የማያገኘው ቦታ ሌላ ዓይነት ባክቴሪያ እየሠራ ነው፣ ዝቃጩን ሳትዘገዩ አውጡት። ለዛፍ ይሆናል።

ከርዕሴ ትንሽ ልውጣ፣ ይህን ሳልናገር ብወርድ ግን አይሆንልኝም። የድሬዳዋን የከርሰ ምድር ውሃ ያጠኑ ሰዎች ናይትሬቱ ከፍ ማለቱን ደጋግመው አሳይተዋል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው ወሰን በሊትር 50 ሚሊ ግራም ነው፤ ከዚያ ያለፉ ጉድጓዶች ተገኝተዋል። ከየት መጣ? አንዱ ምንጭ የየቤታችን መጸዳጃ ጉድጓድ ነው። አፈር ውስጥ ያሉት ያው ባክቴሪያዎች የኛን አሞኒያ ናይትሬት ያደርጉታል፣ የሚስበው ሥር ስለሌለ በአሸዋው ውስጥ ወርዶ ከምንጠጣው ውሃ ይቀላቀላል። ጨቅላ ሕፃን ይህን ውሃ ከወተት ጋር ሲጠጣ ሆዱ ውስጥ ወደ ናይትራይት ይለወጥና ደሙን ልክ እንደዚያ ዓሣ ሊያደርገው ይችላል። ያው ኬሚስትሪ ነው! ማፍላትም አያጠፋውም። ባክቴሪያው ምን ያድርግ፣ ሥራውን ሠርቷል። ያጎደልነው እኛ ነን፣ ከሥራው መጨረሻ ላይ አትክልት አላስቀመጥንም። እናንተ ሮቶና ቀይ አሽ ይዛችሁ የምትሠሩት ነገር እኮ ትልቁን ነገር በትንሹ ማረም ነው። የሐረማያን ሐይቅ ደርቆ ያየን ሰዎች ነን፤ በቅርብ ዓመታት ውሃው ቢመለስም ያንን የደረቀ መሬት አልረሳነውም። አንድ ውሃ ደጋግሞ መጠቀምን እኛ ካልተማርን ማን ይማር?

ወደ ነገሬ ልመለስ። ኖራ ያለበት ውሃችን ጉዳቱን ነግሬያችኋለሁ፣ ጥቅምም አለው። ባክቴሪያዎቹ ሲሠሩ አሲድ ይለቃሉ፣ ፒኤቹ ቀስ እያለ ይወርዳል። ለስላሳ ውሃ ያላቸው ሰዎች እየለኩ ኖራ ይጨምራሉ፤ እኛ ውሃው ራሱ ይዞት ይመጣል። ለብዙ ጊዜ ስለ መውረድ አትጨነቁም። ግን ፒኤች ከፍ ሲል ብረት ለተክሉ አይደርስም። አዲሱ ቅጠል ቢጫ ሆኖ ጅማቱ ብቻ አረንጓዴ ከቀረ ብረት ነው የጎደለው፣ ለዚህ ተብሎ የሚሸጥ የሚሟሟ ብረት አለ፣ ጥቂት ይበቃል። የጣሪያ ዝናብ አጠራቅማችሁ ብትቀላቅሉም ይረዳል። ፒኤቹ እስከ 7 አካባቢ ከወረደ ለሦስቱም ይስማማል፦ ለዓሣው፣ ለተክሉ፣ ለባክቴሪያው።

በሽታውን እመለስበታለሁ ብዬ ነበር። ዓሣ ቀዝቃዛ ደም ያለው እንስሳ ስለሆነ እንደ ላምና ዶሮ የሰውን ሆድ የሚያሳምመውን ባክቴሪያ በአንጀቱ ይዞ አይኖርም። የሚያመጣው እጃችን ነው፣ እርግብ ነው፣ ዶሮ ነው። ስለዚህ ዶሮ ከታንከሩ በላይ አታስፍሩ፣ የእንስሳት ፍግ ውሃው ውስጥ አትጨምሩ፣ እጃችሁን ታጥባችሁ ግቡ። ሰላጣ ጥሬውን ስለሚበላ የዓሣው ውሃ ቅጠሉ ላይ አይረጭ፣ ሥሩ ላይ ብቻ ይድረስ። ስትለቅሙም እጠቡት። በዚህ ቀልድ የለም።

የምጨርሰው በተግባር ነው። የኔ ማጣሪያ አሁን በደንብ ይሠራል፣ ድንጋይ ልሰጣችሁ እችላለሁ። መውሰድ የምትፈልጉ ታንከራችሁን ሞልታችሁ፣ ፓምፑን አስነስታችሁ፣ ውሃውን አሳድራችሁ ከዚያ ኑ። ክዳን ያለው ባልዲ ይዛችሁ ኑ፣ በሳሙናም በበረኪናም ያልታጠበ። ድንጋዩን ከራሱ ውሃ ጋር እሞላላችኋለሁ። ፀሐይ ሳይበረታ በጠዋት ነው የምሰጠው፣ በባጃጅ ስትሄዱ ባልዲውን ጥላ ሥር አድርጉት፣ መንገድ ላይ ቡና ለመጠጣት አትቁሙ፣ እንደደረሳችሁ ውሃ ውስጥ ክተቱት። የሐረሮቹ ጉዞው ስለሚረዝም መጀመሪያ እናንተን አሰናብታለሁ። በዚያው ቀን መኖ ቆንጥራችሁ ጣሉላቸው፣ የሚበሉት ካጡ ይሞታሉ። ስማችሁን እዚህ ደብተር ላይ ጻፉ። ጥያቄ ያለው እጁን ያውጣ፣ ከኋላ ያላችሁት ጀምሩ።